ከማን ጋር ነሽ?

እናቴ ስትደውል ከጤና ጥያቄ ቀጥሎ የምታስከትላቸው ሁለት ጥያቄዎች አሏት፤ መጀመሪያ «የት ነሽ?» ትላለች፣ ከዚያ «ከማን ጋር ነሽ?» ትላለች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሲድኒ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሜ፣ ቁመቴን ሊያክል ጥቂት የቀረው ቦርሳ እግሬ ሥር አጋድሜ ወደ ሰሜን የሚሄደውን የምሽት አውቶቡስ ስጠብቅ ደወለች። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ለሁለተኛው «ከሰዎች ጋር» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በዙሪያዬ ሃያ የሚሆኑ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱንም አለማወቄን ግን አልነገርኳትም።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ ይዤ ከሲድኒ እስከ ኬርንስ፣ በመንገድ ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ርቀት፣ በአራት ሳምንት ውስጥ በአውቶቡስ እያቆራረጥኩ ልሄድ፤ ማታ ማታ ሆስቴል በሚሉት ርካሽ የጋራ ማደሪያ ላድር፤ ቀን ቀን ደግሞ የባሕሩን ዳር በእግሬ ልከተል። ሜልበርን በአረጋውያን መንከባከቢያ የምሠራ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ተወልጄ ያደግሁትም ደብረ ብርሃን የሆነ ሰው ነኝ። በዚያ ብርድና ከፍታ ለሚያድግ ልጅ ባሕር ማለት በመዝሙር ውስጥ ለሁለት የሚከፈል ነገር ነው እንጂ የሚገባበት አይደለም። ወንዙም ቢሆን በክረምት ደራሽ ውኃ ሰውና ከብት ስለሚወስድ «ከወንዝ ራቂ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ብቻዬን የተነሣሁት ጓደኛ አጥቼ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር «በሚቀጥለው ዕረፍት» እየተባባልን ቆይተናል፤ የአንዳችን ፈረቃ ሲገጥም የሌላችን ሳይገጥም፣ አንዷ ወለደች፣ ሌላዋ ቤት ገዝታ ዕዳ ገባች። እኔም የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን እያየሁ፣ ሰው እስኪሞላ ብጠብቅ ዕድሜዬ እንደሚሞላ ገባኝ። ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር በሚገኘው የሐበሻ ሱቅ ሽሮና በሶ ስገዛ ሚዛን ላይ ያሉት እናት «ማን ሊሄድ ነው?» አሉኝ። «እኔ» አልኳቸው። «ከእነማን ጋር?» አሉኝ። ጥያቄው የእናቴ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይታሰብለታል፤ ስንቅና ጓድ። ስንቁ ነበረኝ፤ ቤቴ ያደረቅሁት ድርቆሽ ሳይቀር በከረጢት ተቋጥሮ ከቦርሳዬ ሥር ተቀምጧል።

ከዚያ በፊት ባሕር ዳር አልሄድኩም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ከማኅበር ሰዎች ጋር፣ በአንድ ሙሉ አውቶቡስ፣ ዳቦና ዶሮ ወጥ ጭነን፣ ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባለውን መንገድ አይተናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መንገዱን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 ድረስ በእጃቸው የቆፈሩት ነው፤ 243 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የእኛ ሰዎች የጓጉት ግን ባሕሩ ውስጥ ለቆሙት «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ለሚባሉት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ነበር። እንደ ደረስን አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ «ሌሎቹስ?» አሉ። ድሮም አሥራ ሁለት እንዳልነበሩ፣ ስሙ ጎብኚ እንዲስብ የወጣላቸው እንጂ ቀድሞ «እናት አሳማና ግልገሎቿ» ይባሉ እንደነበር፣ በ2005 ደግሞ አንዱ ተደርምሶ ስምንት እንደቀሩ የሚያስረዳው ወጣት ሲነግራቸው ሽማግሌው ፈገግ እንኳ አላሉም። «ቆጥረው አያውቁም ማለት ነው» ብለው ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። ቁጥር የሚሏት ነገር በኋላ በመንገዴ ሁሉ ስለተከተለችኝ ነው ይህን ያነሣሁት።

መዋኘት የተማርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ፣ ሜልበርን ግሌን አይሪስ በሚባለው ሰፈር ባለ ገንዳ ነው። ገንዳው ሃሮልድ ሆልት ይባላል። ሃሮልድ ሆልት የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1967 ቼቪየት ቢች በሚባል የባሕር ዳርቻ ሊዋኙ ገብተው በዚያው የቀሩ፣ አስከሬናቸውም እስከ ዛሬ ያልተገኘ ሰው ናቸው። አገሩ ያዘነላቸውን ሰው ስም ለመዋኛ ገንዳ መስጠቱ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ እኔ ግን እያደር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። እሳቸው እንኳ ዋና የሚያውቁ፣ ያንን ባሕር ለምጄዋለሁ የሚሉ ሰው ነበሩ። የግድግዳውን ስም እያየሁ ወደ ውኃው ስገባ ሁልጊዜ ትንሽ እደነግጥ ነበር፤ መደንገጡም አልጎዳኝም።

አስተማሪዬ ከሁሉ አስቀድማ ያስጠናችኝ እጅና እግር ማንቀሳቀስን አልነበረም፤ በጀርባ ተንጋልሎ ዝም ማለትን ነበር። ለእኔ ከዚህ የከበደ ነገር አልነበረም። አንገቴን ባቀናሁ ቁጥር እሰጥማለሁ፤ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ለቅቄ ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን እንሳፈፋለሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሲድኒ ሁለት ቀን ነው የቆየሁት፤ ከተማውን ብዙም አልወደድኩትም፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው ሆስቴል ዋጋው ጣሪያ የነካ ነው፤ ቦንዳይ ቢችን ግን ሳላየው ላልፍ አልፈለግሁም። እዚያ አሸዋው ላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሁለት ቦታ ተተክሏል፤ መዋኘት የሚፈቀደው በሁለቱ መካከል ነው። ባንዲራ ባለበት ጠባቂ አለ፣ ከባንዲራው ውጪ ግን አንተና ፈጣሪህ ናችሁ። የባሕር አደጋ ነፍስ አድን ማኅበራት በዚያ አካባቢ የተመሠረቱት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ማኅበርተኞቹ በፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938 እሑድ ቀን በዚሁ ዳርቻ ተከታትለው የመጡ ከባድ ሞገዶች በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠርገው ወደ ጥልቁ ወሰዱ፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ጠባቂዎች በአንድነት ስለነበሩ ከ200 የሚበልጡት ተረፉ፣ አምስት ሰዎች ሞቱ። ዕለቱን «ጥቁር እሑድ» ይሉታል።

ሰው የሚፈራው ሞገዱን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚወስደው ግን «ሪፕ» የሚሉት ነው፤ አሠራሩን ከተረዳሁት ወዲህ ልቤ ውስጥ የተቀመጠ ነገር በመሆኑ ልዘርዝረው። ሞገድ ውኃን ያለማቋረጥ ወደ ዳር ያመጣል፤ የመጣው ውኃ የግድ መመለስ አለበት፤ ሲመለስ በአሸዋ ቁልሎች መካከል ያገኘውን ክፍተት እንደ ቦይ አድርጎ፣ ጠበብ ብሎና ፈጠን ብሎ ወደ ውጪ ይፈስሳል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ አይሰበርበትም። ስለዚህ ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ ሲንተከተክ እሱ ብቻ ጠቆር፣ ረጋ ብሎ ይታያል። ዋና የማያውቅ ሰው ደግሞ የሚመርጠው የረጋውን ነው። በእኛ ዘንድ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» ይባላል፤ ይህን የተናገረ አባት ሪፕን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም ጠባዩን አሳምሮ ያውቃል። ወደ ታች አይጎትትም፤ ዝም ብሎ ወደ ውጪ ይሸኛል። የሚገድለውም ሰውየው ወደ መጣበት ለመመለስ ከውኃው ጋር ፊት ለፊት ሲታገል ጉልበቱ ሲያልቅ ነው።

ከሲድኒ በኋላ ሕይወቴ በሆስቴል ማድ ቤቶች ዙሪያ ሆነ። ሆስቴልን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መኝታ ክፍሉን ትቶ ፍሪጁን ይክፈት። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ስምና የመሄጃ ቀን በወረቀት ተለጥፏል፤ ቀኑ ያለፈበት ሳምንታዊው ጽዳት ሲመጣ ይጣላል። ከጎኑ ሌላ መደርደሪያ አለ፤ የሄዱ ሰዎች የተውት ግማሽ ዘይት፣ እፍኝ ሩዝ፣ የተከፈተ ጨው የሚቀመጥበት፣ ማንም የሚወስድበት። እኔ በርበሬዬን በስምና በቀን ለጥፌ ሳስቀምጥ የታሸገ መድኃኒት የመሰላቸው ነበሩ። ምሽት ላይ ርካሹ የካርቶን ወይን ጠጅ ይወጣል፤ ካርቶኑ ተጥሎ የብር ቀለም ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህ ወይን ጠጅን በከረጢት ማሸግ የአውስትራሊያውያን ፈጠራ ነው፤ 1965 ላይ ነው የጀመሩት፤ እንደ ዋዛ የሚኮሩበትም ነገር ነው።

አንድ ምሽት የማልረሳውን ነገር አየሁ። አራት ምድጃ ፊት ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ ስድስቱም የያዙት ፓስታና የቲማቲም ስልስ ነው፤ ስድስቱም የየራሳቸውን ድስት ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። የአንዱ ውኃ እስኪፈላ ሌላው ቆሞ ያያል። አንድ ትልቅ ድስት ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አያነሣውም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ባደገ ሰው ዓይን ይህ ከስስት በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። እኔም ሽሮዬን እያማሰልኩ በሆዴ ፈረድኩባቸው፤ ከዚያ ግን እኔ ራሴ ሽሮውን ለማንም እንዳላቀረብኩ ትዝ አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም የየራሱን አውቶቡስ ይዞ የሚበተን ሰው ማዕድ ለመጋራት ምን ያህል መተዋወቅ እንደሚያስፈልገው አያውቅም፤ እኔም አላወቅሁም። ያን ዕለት ቆሜ፣ ከድስቱ፣ በማንኪያ በላሁ። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ለእናቴ ያልነገርኳት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከወጣቶቹ ጋር የሚለየኝ ሌላም ነገር ነበር። አብዛኞቹ ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮች፣ እንግሊዞች፣ ኮሪያውያን ናቸው፤ እየሠሩ እንዲዘዋወሩ የሚፈቅድ የአንድ ዓመት ቪዛ ይዘው የሚመጡ። ያኔ ከከተማ ርቀው እርሻ ላይ 88 ቀን ከሠሩ ሁለተኛ ዓመት ያገኙ ነበር፤ ስለዚህ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ሙዝ፣ ስለ ሐባብ፣ ስለ ድንችና ስለ ቀኖቹ ቆጠራ ነው። «ስንት ቀረሽ?» ይባባላሉ፤ እስረኛ ይመስላሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ቪዛ ዝርዝር ውስጥ የለችም። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በቤተሰብ ቪዛ፣ ስድስት ዓመት ፋይል ስከታተል ቆይቼ ነው። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቪዛውን ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ሞልቶ በቀናት ውስጥ እንዳገኘ ሲነግረኝ አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ። ቦርሳ አዝሎ መዞር የድፍረት ጉዳይ ይመስላል፤ ከድፍረቱ በፊት ግን ፓስፖርት ይቀድማል። ልጁ ግን ጥፋት የለበትም፤ በማግሥቱ ቦርሳዬን ከአውቶቡሱ ሆድ አውጥቶ የሰጠኝም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን ጫፍ፣ የዋናው መሬት ምሥራቃዊ ጫፍ የሆነውን ኬፕ ባይረንን አልፌ፣ አንዲት ትንሽ ዳርቻ አገኘሁ። የጥንቶቹ ባለአገሮች፣ የቡንጃሉንግ ሕዝብ አገር ነው። የጠዋት ፀሐይ ነበረ፤ ሰው የለም፤ ከሩቅ አንድ ሁለት ሞገድ ተንሸራታቾች በሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ክረምት ስለሆነ ባንዲራ አልተተከለም። (የአውስትራሊያ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር በአንድ ወራት መግጠሙ ሁልጊዜ ያጽናናኛል፤ አብዛኛው ፈረንጅ አገር በሐምሌ ሲሞቀው እዚህ ግን በሐምሌ ጋቢ ይለበሳል።) እስከ ወገቤ ብቻ እገባለሁ ብዬ ገባሁ። ረጋ ያለውን ቦታ መረጥኩ። አዎን፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ እያወቅሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ከእግሬ ሥር አሸዋው ሲሸሽ ነው፤ ምንጣፍ ቀስ ብሎ የሚስብ ሰው ያለ ይመስላል። ከዚያ እግሬ አልነካም። ፎጣዬን ያስቀመጥኩበትን ድንጋይ አየሁት፤ ሁለተኛ ሳየው አንሶ ነበር። ጩኸት አልነበረም፣ ሞገድም አልመታኝም፤ ሁሉም ነገር በጣም ሰላማዊ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሦስት አራት ጊዜ ወደ ዳር ቀዘፍኩ፤ ድንጋዩ ከማነስ አልተመለሰም። ያኔ የገንዳው ትምህርት መጣልኝ፤ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ለቀቅሁ፣ ጆሮዬ ውኃ ሞላ፣ ሰማዩን አየሁ፣ አንድ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ «አባታችን ሆይ» ሁለት ጊዜ ጨርሼ ሦስተኛውን ጀምሬ ነበር።

ሰሌዳዋን ይዛ የመጣችው ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ በፀሐይ የተጨማደደ ሴት ነበረች። አልተጣደፈችም። ሰሌዳዋን ሰጠችኝ፣ በደረቴ ተኛሁበት፣ ወደ ጎን ወደ ጎን እየገፋች ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ስንደርስ ሞገዱ ራሱ ወደ ዳር አወጣን። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከማን ጋር ነሽ?»

በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔ ግን በእናቴ ድምፅ ነው የሰማሁት። «ብቻዬን ነኝ» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ብቻውን የሚዋኝ ሰው ባንዲራ ካለበት እንዳይወጣ፣ ባንዲራ ከሌለ ደግሞ ከጉልበት እንዳያልፍ ነግራኝ ተመልሳ ገባች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ጥያቄ ለእኔ የቁጥጥር ጥያቄ ነበር፤ ሴት ልጅ ብቻዋን አትወጣም፣ አትቀመጥም፣ አትሄድም የሚል ነገር በውስጡ ያለ። አሁንም የለበትም አልልም። ነገር ግን የማታውቀኝ ሴት ስትጠይቀኝ የጥያቄው ሌላ ወገን ታየኝ፤ ባትመለሺ ማን ያውቃል ማለቷ ነበር።

ወደ ኩዊንስላንድ ተሻግሬ አንዱን ትልቁን ነገር በፍጥነት አለፍኩት፤ በዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት የሆነው ኬጋሪ ነው። ፍሬዘር ይባል የነበረው ስም ቀርቶ ቡቹላ የሚባሉት ባለአገሮች የሚጠሩበት ስም በይፋ የተመለሰው እኔ ከመድረሴ ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ በጁን 2023 ነበር፤ የድሮዎቹ ምልክቶች ገና ሁሉም አልተነሡም ነበር። ደሴቱ ላይ የዱር ውሾች ስላሉ ሰው ብቻውን እንዳይሄድ በየቦታው ተጽፏል። ሳየው ሳቄ መጣ።

ቺልደርስ ላይ ግን ወረድኩ። ትንሽ የሸንኮራ አገዳ ከተማ ናት፤ አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆምባት፣ ብዙ ባክፓከር (ቦርሳ አዝሎ የሚዞር መንገደኛ) ተኝቶ የሚያልፋት። ጁን 23 ቀን 2000 ሌሊት በዚህች ከተማ አንድ ሆስቴል ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተቃጥሎ 15 ወጣቶች ሞተዋል፤ ሰባት ብሪታንያውያን፣ ሦስት አውስትራሊያውያን፣ ሁለት ሆላንዳውያን፣ አንድ አየርላንዳዊ፣ አንድ ጃፓናዊ፣ አንድ ኮሪያዊ። አብዛኞቹ አትክልትና ፍራፍሬ ለመልቀም የመጡ ነበሩ። ከእሳቱ በኋላ ኩዊንስላንድ ርካሽ ማደሪያዎችን የሚመለከተውን የእሳት መከላከያ ሕግ አጥብቃለች። ሕንፃው ታድሶ ከፎቅ የመታሰቢያ ክፍል አለው፤ አሥራ አምስቱም በአንድ ትልቅ የቀለም ሥዕል ላይ አብረው ቆመው ይስቃሉ። ምናልባት በሕይወታቸው አሥራ አምስቱም በአንድ ላይ እንዲያ ቆመው አያውቁም። የፓስታው ድስት ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ ያዝኩ። አንደኛው፣ ሆስቴል እንደ ገባሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ መውጫዎቹን መፈለግ ነው። ሁለተኛው ለአንባቢ የሚያስቅ ይሆናል፤ ጠዋት ስወጣ ትራሴ ላይ በቁራጭ ወረቀት የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ጽፌ መተው ጀመርኩ። ለማን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። ኤርሊ ቢች ላይ ጫካ ውስጥ መንገድ ስቼ ከጻፍኩት ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘግይቼ በጨለማ ስደርስ፣ ከበላዬ አልጋ የምትተኛው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር ያልተነጋገርኩት ኮሪያዊት ልጅ፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ እንግዳ መቀበያው ፊት ቆማ አገኘኋት። ስልክ ሊደውሉ ነበር። «ዘገየሽ» አለችኝ፤ ተቆጥታ ነበር። ያን ዕለት ማታ ትልቁን ድስት አወረድን። ሽሮው ውስጥ ድርቆሽ ስበትንበት ኑድል መስሏት «ይህን እኛም እናውቀዋለን» አለች፤ እኔም አላረምኳትም።

ከዚያ በላይ፣ ወደ ሐሩሩ ሰሜን ስንወጣ፣ ባሕሩ ከሩቅ የሚታይ እንጂ የማይነካ ነገር እየሆነ ሄደ። ዳርቻዎቹ ላይ እንጨት ላይ የታሰረ የአቼቶ ጠርሙስ ታያለህ፤ ለሰላጣ አይደለም፣ ሣጥን ጄሊፊሽ የሚሉት መርዘኛ ፍጡር ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ሲናደፍ ቁስሉ ላይ የሚፈስ የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው። ወንዝ አፍ ላይ ደግሞ የአዞ ሥዕል ያለበት ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ከእንግሊዝኛው ሥር በጀርመንኛ ጭምር የተጻፈ፤ ማን ብዙ እንደሚመጣና ማን ብዙ እንደሚደፍር ከዚህ ይታወቃል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1770 መርከቡ እዚህ አካባቢ ሪፍ ላይ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የገነቡት አለት ላይ) ስትወጣበት አንዱን የመሬት ጫፍ «መከራ» ብሎ ሰይሞታል፤ ኬፕ ትሪቢውሌሽን ማለት ይኸው ነው። ኬርንስ ከተማ ራሷ ፊቷ ጭቃና አዞ ስለሆነ፣ ነዋሪው እንዲዋኝ በ2003 ከባሕሩ ዳር ትልቅ የጨው ውኃ ገንዳ ሠርታለች፤ በነፃ ነው። ሦስት ቀን እዚያ ዋኘሁ። ከጎኔ የሰፈሩ ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ፣ ሁለት ጠባቂዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ከጉዞው ሁሉ ሰውነቴ የተዝናናው እዚያ ነው፤ ይህን ስናገር ጀብደኛ ባክፓከሮች ሊያፍሩብኝ ይችላሉ።

የመጨረሻው ቀን ለታላቁ ባሪየር ሪፍ ነበር። 2,300 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ በ1981 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ፣ ውቅያኖሱ ሲሞቅ ደግሞ በ2016፣ በ2017፣ በ2020 እና በ2022 በየተራ ሲነጣ የቆየ የሕያዋን ግንብ ነው። ጀልባው ላይ እንደ ወጣን አንዲት ሠራተኛ ጭንቅላታችንን በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችን፤ ሌላው ደግሞ ለብቻው ቆጠረን፤ ቁጥራቸው ሲገጥም ነው ሞተሩ የተነሣው። በ1998 ከዚህ ጠረፍ የወጣ ጀልባ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጠላቂዎችን ሪፉ ላይ ትቶ ተመልሷል፤ መጉደላቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ የቆጠራው ነገር በሕግ ጠበቀ።

ሠራተኛዋ ተንሳፍፎ የውኃውን ውስጥ ለማየት የሚያገለግል የስኖርክል መነጽር ስታድል እኔ ጋ ደርሳ፣ እንደ ፈራሁት፣ ጠየቀችኝ፦ «ከማን ጋር ነሽ?» ዘወር ብላ ደግሞ ከታዝማኒያ ብቻቸውን የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት አየችና ሁለታችንን አጣመረችን። እኔ ቀኑን ሙሉ አረጋውያንን ከአልጋ ወደ ወንበር ስደግፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ውኃው ውስጥ እጄን ይዘው የመሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮራሉ ፖስታ ካርድ ላይ እንደሚታየው አይደለም፤ አብዛኛው ቡናማ ነው፣ አንዳንዱ አመድ ለብሷል፣ በመካከሉ ግን እንደ ጥላ የተዘረጋ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ድንገት ይመጣል። ያልጠበቅሁት ድምፁን ነው። ጆሮዬን ውኃ ውስጥ ሳስገባ አንድ ነገር ሲቆረጥም ሰማሁ፤ ቆሎ የሚበላ ሰው አጠገቤ ያለ መሰለኝ። ፓሮትፊሽ የሚሉት ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ የሚበላበት ድምፅ ነው፤ የፈጨውን በኋላ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። እኚያ እናት ጣታቸውን ወደ ዓሣው፣ ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠቆሙ። እሳቸውም ሰምተውታል።

ስንመለስ እንደ ገና ተቆጠርን። ሁለቱ ሠራተኞች ለየብቻ ቆጥረው ተገናኙ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ እኛም እያንዳንዳችን በእጃችን ፈረምን። ወደ ዳር ስንቃረብ ስልኬ መረብ አገኘና ወዲያው ጮኸ። ሰዓቱ በደብረ ብርሃን ገና ረፋድ ነበር።

«የት ነሽ?» አለች እናቴ። ነፋሱ ያንሾካሹካል።

«ጀልባ ላይ ነኝ፤ እየተመለስን ነው።»

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ሠላሳ አንድ ነን፣ እማዬ» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች፤ ምናልባት ቁጥሩን እያሰበችው ይሆናል።

«ምሳስ በላችሁ?» አለች።